ይድረስ ለጆሮው

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? እኔ ብርዱ ካልሆነ በቀር ምንም አልል፤ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ብደውልልህ ከሰላምታው ቀጥለህ «መኪናዋስ?» ማለትህ አይቀርም፤ ያኔ ምላሴ ይያዛል። በወረቀት ሲሆን ሳታቋርጠኝ እጨርሳለሁ። ከዚያ በኋላ እንደ ልብህ ስደበኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ የፓሳቷን ቱርቦ ራሴ በኮምፒውተር ላስተካክል ነው ስልህ «መጀመሪያ ስማት» ብለኸኝ ነበር። እኔም ሳቅሁብህ። በጆሮ ሞተር ማከም ያለፈበት ነው፣ አሁን ሁሉ ነገር ቁጥር ነው አልሁህ። ያቺ ሳቅ ናት እስከ ዛሬ ድረስ ስልክ እንዳላነሣ ያደረገችኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውትህ። ስፒድዊኖ የሚባል የሞተር መቆጣጠሪያ አለ፤ አርዱዊኖ ሜጋ በተባለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ፣ ንድፉም ፕሮግራሙም ለማንም ክፍት የሆነ። ዕቃውን ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። በ2016 ዓ.ም. በክልላችን ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ አስቀድሜ ያወረድሁትን መመሪያ ሌሊት ሌሊት እያነበብሁ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ በየልኩ አገናኘሁ። ሚስቴ ሳሎኑን ጋራዥ አደረግኸው ብላ ለጎረቤት ሁሉ ከሰሰችኝ፤ እውነቷን ነው።

መቆጣጠሪያው ሞተሩ ስንት አየር እንደሳበ በዓይኑ አያይም። በመግቢያው ያለውን ግፊት፣ የአየሩን ሙቀትና የሞተሩን ዙር ይዞ ያሰላል። ስሌቱን የሚያርምለት 16 በ16 የሆነ ሠንጠረዥ ነው፤ ወደ ጎን ዙር፣ ወደ ላይ ግፊት፣ በጠቅላላው 256 ሳጥን። በሳጥኑ ያለው ቁጥር ከፍ ሲል ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር በሚሊሰከንድ ሽርፍራፊ ያህል ዘግይቶ ይዘጋል፤ ቤንዚኑም ይጨምራል። ማርሚታው ቱቦ ላይ ያስበየድሁት ሴንሰር ደግሞ የወጣውን ጭስ አይቶ ድብልቁን ይነግረኛል። በዝግታ ስትሄድ 14.7 አየር ለ1 ቤንዚን በክብደት ይበቃል፤ ቱርቦው ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ሲነፋ ግን ወደ 11.8 መውረድ አለበት፤ የተረፈው ቤንዚን የሚቃጠለውን ክፍል ያቀዘቅዛል። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር፤ እንደ ዳዊት ነው የምወጣው።

አንዱን ነገር ግን ዘለልሁት። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ነው። የቱርቦው ሞላ በዚያ ላይ 50 ያህል እስኪጨመር ይይዝና ትርፉን ያስተነፍሳል፤ ስለዚህ መለኪያዬ ከ125 አልፎ አያውቅም። እስከዚያ ያለውን ረድፍ በጥንቃቄ ሞላሁት። ከዚያ በላይ ያለውን «ማን ይደርስበታል» ብዬ ፕሮግራሙ ሲመጣ እንደነበረ ተውሁት። ኮምቦልቻ ግን ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት፤ አየሯ ወደ 81 ይደርሳል። 50 ጨምርበት።

ግንቦት ላይ፣ በቀትር፣ አራት ኩንታል ስሚንቶ ጭኜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። መለኪያው 131 አለ፤ ያልሞላሁት ረድፍ ላይ ገባሁ ማለት ነው። አንድ ድምፅ መጣ። በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚያንቀጫቅጭ ሰው ያለ ይመስላል። የማርሚታው መከለያ ላልቶ ነው አልሁና ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። አዎ፣ ከፍ አደረግሁት! ዳገቱን ሳልጨርስ ከኋላዬ ሰማያዊ ጭስ ተነሣ።

የሞተሩ መክደኛ ቴስታታው ሲወርድ ሦስተኛው ፒስተን በሁለቱ ፋሻዎች መካከል ያለው ጠርዙ ተሰብሯል። ቁራጩ ጥፍር ያክላል፤ ስኒ ወድቆ ሲሸረፍ እንደሚወጣው ስባሪ ነው። አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ላፕቶፑ የመዘገበውን በኋላ ሳየው ድብልቁ 11.8 መሆን ሲገባው 13.4 ነበር፤ በዚያ ላይ ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ከሚገባው ቀድሞ ነው። ያልተቃጠለው የድብልቁ ጥግ እሳቱ ሳይደርሰው በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ፈንድቷል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ቁጥር ጽፏል፤ ድምፁን ግን አልሰማም፤ የኳኳታ ሴንሰሩን ሳላገናኘው ትቼው ነበርና።

ፒስተኑን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እስካስመጣ ዓመት አለፈ። ገንዘቡን ተወው፣ ለሚስቴ የነገርኋትም ግማሹን ነው።

አሁን በሌላ መንገድ ነው የያዝሁት። ማለዳ ቦሩ ሜዳ እንወጣለን፤ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ እነዳለሁ። ቆመን ነው የምናርመው፤ አንድ ረድፍ ሳይስተካከል ወደሚቀጥለው አንሄድም። ለማንኛውም ቤንዚኑን አብዝቼ፣ እሳቱን አዘግይቼ ነው የምጀምረው። አንድ ቀን በጉም መካከል መብራትና መጥረጊያ ስከፍት ሞተሩ መንተፋተፍ ጀመረ። ሦስት ቀን ሠንጠረዡን ስወቅስ ቆይቼ ጥፋቱ የዲናሞው ሆነ፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ኢንጀክተሩ ለመከፈት ይዘገያል፣ ቤንዚኑም ይጎድላል። አንተ ብትሆን መብራቱ ሲደበዝዝ አይተህ ትጨርሰው ነበር።

ለኳኳታውም መላ አበጀሁ። የመዳብ ቱቦ ጫፉን በመዶሻ ጠፍጥፌ፣ በስቼ፣ የሞተሩ አካል ላይ በብሎን አሰርሁት፤ ከሌላው ጫፍ የጎማ ቱቦ ወደ ጋቢና አስገብቼ ከጆሮ መሸፈኛ ጋር አገናኘሁት። ይሰማል፤ ችግሩ ሁሉም ነገር ይሰማል። የቫልቩ መንኳኳት፣ የኢንጀክተሩ መቆርቆር፣ የቺንጊያው ፉጨት፤ የትኛው ጠጠር የትኛው ጤና እንደሆነ መለየት ተሳነኝ። ልጁ «አጎቴ፣ አሁን ነው?» ይለኛል፤ አላውቅም እለዋለሁ።

ስለዚህ ጥር ላይ ፈቃድ ካገኘህ ብቅ በል። ከ120 በላይ ያለውን ረድፍ አልነካሁትም፤ ሐረጎንም ከዚያ ወዲህ በቱርቦ አልወጣሁትም፣ በአውቶቡስ ነው የምመላለሰው። እኔ እነዳለሁ፣ ልጁ ቁጥር ይጠራል፣ አንተ መሸፈኛውን ታደርጋለህ። ሬዲዮኑን ነቅዬዋለሁ።

ያ እጀታውን ጆሮህ ላይ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አድርገህ የምታዳምጥበት ረጅም ካቻቢቴህ እኔ ጋ ነው። ጠፋብኝ ብለህ ስንት ሰው ጠርጥረህ ይሆን! ስትሄድ ኮፈኑ ሥር ረስተኸው ነው፤ ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬልሃለሁ።

ወንድምህ