ጉዳዩ፦ ቀኑ ሳይታይ ስለተሸጠልን የአንድ ቀን የሮም ጉብኝት

ለአስጎብኚ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

«ሮም በአንድ ቀን» የሚለውን ጉብኝታችሁን ለእናቴ፣ ለእህቴና ለራሴ ገዝቼ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ወር የመጀመሪያ እሁድ ሄደናል። ቅዳሜም እሁድም እንደሚመቸን፣ ሰኞ በማለዳ እንደምንበር ገልጬ ስጽፍላችሁ «እሁድ ይሻላል፣ ከተማው ጭር ይላል» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ኢሜይሉን አያይዣለሁ። ቅዳሜን የእናቴ ጉልበት ለእሁድ እንዲበረታ ብለን ሆቴል ውስጥ አርፈን ዋልን።

ፕሮግራሙ የሚጀምረው በቫቲካን ሙዚየሞች ነው። ከጠዋቱ 2፡30 በሩ ላይ ስንደርስ ተዘግቷል። ሙዚየሞቹ እሁድ እሁድ ዝግ ናቸው፤ በወሩ የመጨረሻ እሁድ ብቻ ይከፈታሉ። ይህ ደግሞ ድንገት የመጣ ነገር ሳይሆን የዘወትር አሠራራቸው ነው። እህቴ የሥዕል መምህርት ናት። እዚያው ሙዚየሞቹ ውስጥ የሚታየውን፣ ማይክል አንጄሎ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 የሣለውን የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ለዓመታት ለተማሪዎቿ ያስተማረችው ከመጽሐፍ ላይ ነው። አጥሩ ሥር ቆማ ደጋግማ ፕሮግራሙን ስታነብ አሁንም ይታየኛል።

ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በሰላም ገባን። እኩለ ቀን ላይ ጳጳሱ በመስኮት ብቅ ብለው ሕዝቡን ሲባርኩ እናቴ በጣም ተደስተዋል፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ጥንታዊው የሮማውያን ቤተ መቅደስ ፓንቴዮንም እንዲሁ መልካም ነበር። የጉልላቱ ስፋት 43 ሜትር ያህል ነው፤ ብርሃኑ የሚገባው አናቱ ላይ ባለው ክፍት ክብ በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሁሉም ተበላሸ።

ወደ ጥንታዊው የሮማውያን ስታዲየም ወደ ኮሎሲየም የሚወስደው ሰፊው የቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ ጎዳና እሁድ ለመኪና ዝግ ነው። ሹፌሩ ፒያሳ ቬኔዚያ ላይ አወረደንና 71 ዓመት የሆናቸው እናቴ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረውን መንገድ በምርኩዝ፣ በየመቀመጫው እያረፉ ሄዱት። የጉልበታቸውን ሕመም የምዝገባ ቅጹ ላይ ሞልቼ ነበር፤ «መኪናው በር ድረስ ያደርሳል» የሚል መልስም ደርሶኛል።

ኮሎሲየም ስንደርስ ወረፋው ማለቂያ አልነበረውም። ምክንያቱን የነገረን አስጎብኚው ነው። በጣሊያን በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ የመንግሥት ሙዚየሞችና ጥንታዊ ስፍራዎች መግቢያ ነጻ ነው፤ የኮሎሲየም ትኬትም በዚያ ቀን አስቀድሞ አይያዝም፣ እዚያው ይታደላል። ታዲያ በደረሰኛችሁ ላይ «ያለ ወረፋ መግቢያ» ተብሎ በነፍስ ወከፍ 18 ዩሮ የተቀበላችሁት ለምን ነበር? ለፓንቴዮንስ 5 ዩሮ? እናቴን ለሰዓታት ማቆም ስላልቻልን ኮሎሲየምን ከውጭ አይተን ተመለስን።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የመጨረሻው ነው። በፕሮግራማችሁ ማብቂያ ላይ «የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው አደባባይ፣ 15 ደቂቃ» ይላል። ይህን ጉብኝት የገዛሁት በዚህች አንዲት መስመር ምክንያት ነው። እናቴ የአክሱም ልጅ ናቸው። አባታቸው በልጅነታቸው፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ወድቆ የተሰባበረው ሐውልት በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ ምጽዋ ሲወሰድ አይተዋል። እናቴ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ሲመለስ ሊቀበሉት ከወጡት መካከል ነበሩ። የቀራቸው ሐውልቱ በስደት የቆመበትን ቦታ ማየት ነበር። ያ አደባባይ፣ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና፣ ከኮሎሲየም በእግር 10 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ እናቴ ግን ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ መሄድ አልቻሉም። መኪናው ዞሮ እስኪመጣ 12 ሰዓት ሆነ፤ አስጎብኚውም የሥራ ሰዓቱ ማለቁን ይቅርታ ጠይቆ ነገረን። ልጁን አልወቅስም፤ ቀኑን ሙሉ የእናቴን ክንድ ይዞ የደገፈ እሱ ነው፤ ፕሮግራሙንም ያወጣው እሱ አይደለም።

ስመለስ ስደውልላችሁ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚለውን የውሉን አንቀጽ ጠቀሳችሁልኝ። የባቡር ሠራተኞች አድማ ቢሆን፣ እናቴ ቢታመሙ እቀበል ነበር። እሁድ መሆኑ ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም። ቅዳሜ ብትሉን ኖሮ ሙዚየሞቹ ክፍት፣ መንገዱ ለመኪና ክፍት፣ የኮሎሲየም ትኬትም በሰዓት ተይዞ ሦስታችንም እንገባ ነበር። በራሱ የሚዞር ሰው ሲሳሳት ነገ ያስተካክላል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ለእናንተ የሚከፍለው ግን ይህን አስቀድማችሁ እንድታዩለት ነው።

የምጠይቀው ይህ ነው። ለኮሎሲየምና ለፓንቴዮን ከሦስታችን የተቀበላችሁት 69 ዩሮ፣ ለቫቲካን ሙዚየሞች የተቀበላችሁት 60 ዩሮ፣ በድምሩ 129 ዩሮ ይመለስልኝ። ከአስጎብኚና ከመኪና ክፍያው ላይም ላልተጎበኙት ስፍራዎች የሚገባው ድርሻ ተሰልቶ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። እሁድን ከዚህ ጉብኝት ቀናት ውስጥ አውጡ፤ ካልሆነም ለእሁድ የሚሆን ሌላ ፕሮግራም ሥሩ። ደረሰኙ፣ ፕሮግራሙና የተጻጻፍናቸው ኢሜይሎች ተያይዘዋል። መልሳችሁን በ15 ቀናት ውስጥ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ