ማሻሻያ መሃል መብራት ለጠፋባችሁ

ሰላም፣ በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ያላችሁ አባላት፤

የሊኑክስ ስርዓቶቹ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) እየጫነ መብራት ቢጠፋበት፣ እባካችሁ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፋይላችሁ በቦታው አለ።

ኮምፒውተሩን በሪከቨሪ ሞድ (በጥገና ሁኔታ) አስነሱና መጀመሪያ የዲስክ መፈተሻው ኤፍኤስሲኬ (fsck) ዲስኩን ይፈትሽ። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ የወረዱ የፓኬጅ ፋይሎችን በሚያጠፋው አፕት ክሊን (apt clean) ትዕዛዝ ቦታ አስለቅቁ። ከዚያ ፓኬጅ የሚጭነው ፕሮግራም ዲፒኬጂ (dpkg) በግማሽ የቀሩትን ፓኬጆች አዋቅሮ ይጨርስ።

የተጫኑ ፋይሎችን የሚያመሳክረው ዲፒኬጂ ቬሪፋይ (dpkg --verify) ሲሠራ በጥያቄ ምልክቶች መሃል 5 ቁጥር የወጣበት ፋይል ይዘቱ ተለውጧል ማለት ነው። ከፋይሉ ስም በፊት «ሲ» (c) ፊደል ካለ የማዋቀሪያ ፋይል ስለሆነ፣ እናንተው የለወጣችሁት ሊሆን ይችላል፤ ተዉት። የሌሎቹን ፋይሎች ፓኬጅ ብቻ በሪኢንስቶል (እንደገና በመጫን) መልሱ፤ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ከኢቲሲ (/etc) ማህደር የጠፋ የማዋቀሪያ ፋይል ግን ፎርስ ኮንፍሚስ (--force-confmiss) የሚለው የዲፒኬጂ አማራጭ ካልታከለበት አይመለስም።

የፓኬጆቹ መዝገብ ራሱ ባዶ ሆኖ ከተገኘም፣ ቫር ባካፕስ (/var/backups) ማህደር ውስጥ የቀደመ ቅጂው አለ።