ውሳኔዎን ከጉዳይ አስፈጻሚ አፍ ስለ መስማቴ

ይድረስ ለከተማችን የሥራ ኃላፊና የፓርቲ አመራር
ጎንደር

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በመዝገብ ቤትዎ ገቢ ሆነው ቁጥር የተሰጣቸው 3 ደብዳቤዎቼ መልስ ስላላገኙ ነው። የመጀመሪያውን በጥቅምት፣ ሁለተኛውን በጥር፣ ሦስተኛውን ደግሞ ለቅሬታ ሰሚው ክፍል ግልባጭ አድርጌ በመጋቢት አስገብቻለሁ። በሄድሁ ቁጥር «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመልሻለሁ። ደንቡን ላስረዳዎ አልሞክርም፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ በሥልጠና መድረክ ላይ ሲያስተምሩትም ሰምቼዎታለሁ። እኔ የምጽፈው በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስለ ደረሰብኝ ነገር ነው።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ሳለ አንድ ሰው ከጎኔ ተቀመጠ። ከተማው በሙሉ የሚያውቀው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ ቢሮ የለውም፣ በምን ፈቃድ እንደሚሠራም የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፣ ነገር ግን በየኃላፊው ክፍል ያለ ቀጠሮ ይገባል። «በአዘዞው ቦታ አትድከሙ፤ በሚመጣው ሳምንት የተሻለ የካፒታል አቅም ላለው አልሚ ይተላለፋል፤ ሌላ ቦታ ከፈለጋችሁ ግን እኔ ላነጋግርላችሁ እችላለሁ» አለኝ። አላመንሁትም። ቦታው ለእንጨት ሥራ ማኅበራችን መሥሪያ እንዲሆን በቃለ ጉባኤ ተወስኖ፣ ተለክቶ፣ የወሰን ድንጋይ ተተክሎበት ነበር፤ 18 አባላት ከ4 ዓመት በላይ በየወሩ የቆጠብነውም ለዚሁ ቦታ ነው። በ8ኛው ቀን እርስዎ በመሩት ስብሰባ ላይ ቦታው «የተሻለ የካፒታል አቅም ላለው አልሚ» እንዲተላለፍ መወሰኑ ሲነበብ፣ ቡና ቤት ውስጥ የሰማሁት ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል በማኅተም ታትሞ ወጣ።

የውሳኔውን ትክክለኛነት ለጊዜው ልተወው። ከተማችን ገንዘብና እውቀት ያለው አልሚ እንደሚያስፈልጋት አውቃለሁ፤ የ18 አናጺዎች ጥቅም ከከተማው ጥቅም ይበልጣል ብዬም አልከራከርም። ነገር ግን ያ ሰው ከእኛ ከባለጉዳዮቹ ቀድሞ፣ ምናልባትም ድምፅ ከሰጡት የኮሚቴ አባላት ቀድሞ፣ የውሳኔውን ቃል ከማን ሰማው? ይህ ነው ጥያቄዬ። በ3ቱም ደብዳቤዎች የጠየቅሁት ይህንኑ ብቻ ነው።

ጥያቄውን በመጀመሪያ ያነሣሁት በደብዳቤ ሳይሆን የፓርቲው አባል እንደ መሆኔ በህዋሳችን ስብሰባ ላይ ነበር። ከ2 ሳምንት በኋላ በተደረገው ግምገማ «የአመለካከት ጥራት ችግር ያለበት» ተባልሁ፤ ሂሴን እንድውጥ ተነገረኝ፤ ከማኅበሩ ጸሐፊነቴም ተነሣሁ። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ወር፣ የቦታውን መተላለፍ ለአባላት ሲያብራሩ «መስመር ብቻውን ዳቦ አይሆንም፤ ነባራዊውን ሁኔታ እያየን መሥራት አለብን» ሲሉ እርስዎን በጆሮዬ ሰምቼዎታለሁ። ታዲያ እኔ ጥያቄ በመጠየቄ ከፓርቲው መስመር የወጣሁ ከሆነ፣ የተጻፈ ውሳኔን ለአንድ ባለ ገንዘብ ሲሉ ያጠፉት ከመስመር ያልወጡት በየትኛው መለኪያ ነው? ለጠያቂ አባል መስመሩ እንደ ብረት ከጠነከረ፣ በጓሮ በር ለገባው ሰው እንደ ሰም ሊቀልጥ አይገባም።

«ያልጠራ» የሚለው ቃል በእኔ ቤት ታሪክ አለው። በ1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ እኔ 9 ዓመቴ ነበር። እንደሚያውቁት በዚያ ዘመን ከነበሩት ሁለት ተቀናቃኝ የግራ ፓርቲዎች ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብሎ ከደርግ ጋር አልሠራም ሲል፣ መኢሶን ደግሞ ሂሳዊ ድጋፍ እየሰጠሁ ከውስጥ ሆኜ እታገላለሁ ብሎ ገባ። አንዱ ከመስመሬ አልወርድም አለ፣ ሌላው ጊዜው የፈቀደውን ልያዝ አለ፤ የሁለቱም ልጆች አለቁ። ነሐሴ 1969 ላይ ኅቡዕ የገባው መኢሶን ራሱ በተራው ታደነ። ጎንደር በሻለቃ መላኩ ተፈራ የአስተዳደር ዘመን የከፈለችውን ለጎንደር ሰው መተረክ አያስፈልግም። ወንድሜን ሌሊት የወሰዱት ሰዎች «አናርኪስት» አሉት፤ እናታችን ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ እስክትሞት ድረስ አልገባትም። እርስዎን ከእነዚያ ሰዎች ጋር አላስተካክልም፤ ነገር ግን በአዳራሽ መካከል አንድን አባል አቁሞ ስለ አመለካከቱ ጥራት መፍረድ በዚህች ከተማ ቀላል ነገር አለመሆኑን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መስመር ሲለወጥ አይተናል። የግል ነጋዴን እንዲያወግዝ ለዓመታት የተማረው የደርግ ዘመን ገዢ ፓርቲ የኢሠፓ ካድሬ የካቲት 1982 ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ተቃራኒውን ማስተማር ነበረበት። በማርክሳዊ እምነት ሲታገል የኖረው ኢሕአዴግ ሥልጣን ሲይዝ ነጻ ገበያን ተቀበለ፤ በ1993 ዓ.ም. ከመጣው ክፍፍልና ተሃድሶ በኋላ «ኪራይ ሰብሳቢ» የሚለው ቃል በየግምገማው ነገሠ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ግንባሩ ራሱ ቀረና መደመር መጣ። መለዋወጡን አልነቅፍም። ከሕዝብ ኑሮ ተምሮ አቋሙን የሚያርም ፓርቲ፣ መጽሐፉን ይዞ ሕዝብ ከሚያስርብ ፓርቲ በእጅጉ ይሻላል። ነገር ግን ከእነዚህ ለውጦች ብዙዎቹ ክፉም ይሁን ደግ በአዋጅ ተነግረዋል፤ ሰው ሰምቶ ተከራክሮባቸዋል፣ ተጣልቶባቸዋልም። የአዘዞው ቦታ ግን ማን ማንን አሳምኖ እንደ ተለወጠ አንድም የተጻፈ ነገር የለም። ተግባራዊነት ማለት ምክንያትን ዘርዝሮ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን አመዛዝኖ፣ በፊርማ ኃላፊነት ወስዶ መለወጥ ነው። በሹክሹክታ የመጣ ለውጥ ግን የሚያገለግለው የሹክሹክታውን ባለቤት ነው።

መሬቱ በዚህ ነገር ውስጥ ያለውን ቦታ እንዳላልፈው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል፤ ዓላማውም ደኻው በባለ ገንዘብ እንዳይነቀል እንደሆነ በየሥልጠናው ተምረናል። መሬት በማይሸጥበት አገር ግን ገበያ የሚወጣው ፊርማ ነው፤ ጉዳይ አስፈጻሚው የሚሸጠውም ወደ ፊርማው የሚያደርሰውን መንገድ ነው። የፓርቲው ጥብቅ መርህና የደላላው ሀብት በአንድ ምንጭ ላይ እንደ ተቀመጡ እርስዎ ሳያዩት ይቀራሉ ብዬ አላምንም፤ ይህን ያህል ሥልጣን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲከማች በጠረጴዛው ዙሪያ ማን እንደሚቀመጥ መመዝገብ ግዴታ ነበር።

ሰው ሹምን ለማሳመን መሞከሩን እንደ ነውር አላየውም። የንግድ ምክር ቤት፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበር ጥቅማቸውን ይዘው በር ማንኳኳታቸው ተገቢ ነው፤ አንቀጽ 30ም አቤቱታ የማቅረብን መብት ይሰጣል። እኛም 18ታችን ልናሳምንዎ ፈልገን ነበር። የቀደመው የጎንደር ሰው በፋሲል ግቢ በር ደጅ ሲጠና፣ አማላጅም ሲያቆም፣ አማላጁ ማን እንደሆነና ለማን እንደ ቆመ ይታወቅ ነበር፤ ባላጋራውም አይቶ የራሱን አማላጅ ይልካል። ዛሬ እኔ ከማን ጋር እንደምከራከር አላውቅም። አልሚው ማን እንደሆነ እንኳ በይፋ አልተነገረንም።

በዚህ ጉዳይ በጣም የሚያሳዝነኝን ልንገርዎ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣችው ሕግ መሠረት ለውጭ መንግሥት ተከፍሎት ባለሥልጣኖቿን የሚያግባባ ሁሉ ይመዘገባል፤ ውሉንና የተከፈለውን ገንዘብ ያሳውቃል፤ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የቀረበው ኤች አር 2003 የተባለው ረቂቅ በአሜሪካ ኮንግረስ ሲታይ፣ የእኛ መንግሥት ረቂቁን ለማስቀረት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን ድርጅት ቀጥሮ እንደ ነበር የታወቀው በዚህ ዓይነት ግልጽነት ነው። ረቂቁ የተወካዮችን ምክር ቤት አልፎ በሴኔቱ ሳይጸድቅ ቀረ። የገዛ መንግሥቴ በዋሽንግተን ማንን እንደ ቀጠረ ከውጭ አገር መዝገብ ማንበብ እችላለሁ፤ ከቤቴ በእግር በሚደረስበት ቢሮ ግን ማን ስለ እኛ ቦታ እንዳነጋገረ ማወቅ አልቻልሁም።

ሕጉ ጠፍቶ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶኛል፤ የአገሪቱ የሙስና ወንጀሎች ሕግም በግል ተሰሚነት ያላግባብ መጠቀምን በወንጀልነት ደንግጓል። ያ ሰው «እኔ ላነጋግርላችሁ» ያለኝ በነጻ አልነበረም፤ ዋጋውንም ነግሮኛል። የጠየቀውን ገንዘብ መጠንና ቀኑን በሦስተኛው ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ፤ ለመርማሪም ቃሌን ለመስጠት ዝግጁ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጫለሁ። እስከ ዛሬ የጠራኝ የለም። ለአመለካከቴ በ2 ሳምንት ግምገማ ተገኝቶለት፣ ለዚህ ጥቆማ ግን አንድ መርማሪ አለመገኘቱ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

የምፈልገው አጭር ነው። ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ በአዘዞው ቦታ ጉዳይ ቢሮዎ የገባ ማንኛውም ሰው ስምና የወከለው ወገን በጽሑፍ ይሰጠን፤ ቦታው ለማንና በምን ምክንያት እንደ ተላለፈ የሚያሳየው ቃለ ጉባኤ ይሰጠን፤ የጠቆምሁት ሰው ይመርመር። እኔን ወደ ጸሐፊነቴ እንዲመልሱኝ አልጠይቅም፤ የማኅበሩ አባላት የሚመርጡትን ያውቃሉ።

ለመሥሪያው የገዛነው የዋንዛ ጣውላ በአንድ አባላችን ግቢ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሰኔ ሊገባ ነው፤ አንድ ክረምት ከዘነበበት በኋላ ለማገዶ እንጂ ለሌላ አይሆንም። የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መልሱን ለመቀበል መዝገብ ቤትዎ እገኛለሁ፤ 17ቱም አብረውኝ ይመጣሉ።

የማኅበሩ የቀድሞ ጸሐፊ
ጎንደር