ካታሊስት አያልቅም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ስለ መድኃኒት አመራረት ባወጣችሁት ጽሑፍ ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) «ሥራውን ሲጨርስ ያልቃል» ብላችኋል። ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ዝም ብል ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል። አያልቅም። ጣጣው መልሶ መያዙ ነው።

ክፍል ውስጥ ካለቀ ባትሪ ድንጋይ ያወጣሁትን ጥቁር ዱቄት ከፋርማሲ የገዛሁት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለ ፈሳሽ ላይ እጨምራለሁ፤ ካታሊስቱ ዱቄቱ ነው። ይንተከተካል። (በእኛ ብርድ ትንሽ ይለግማል።) ከዚያ በጨርቅ እናጠልለዋለን። ዱቄቱ ለሌላ ቀን ያገለግላል፤ ግን የተወሰነው ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

አሁን ዱቄቱ ፓላዲየም ቢሆንስ፣ መድኃኒት ሲመረት ካታሊስት የሚሆነው ብረት? ውድ ነው፤ ፈሳሹ ውስጥ ከሟሟ ለቅሞ ማውጣት መከራ ነው፤ መድኃኒት ውስጥ እንዲቀርም አይፈለግም። ስለዚህ ኬሚስቶች ብረቱን ከጤፍ ባነሱ የፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ፍሬዎች ላይ ያስሩታል። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ነጭ ፎም ዘመድ ነው። ፍሬዎቹ፣ የሞለኪውል ሰንሰለቶቻቸው እርስ በርስ ስለተሳሰሩ፣ እንደተዘፈዘፈ ሽምብራ ያብጣሉ እንጂ አይሟሙም። ሥራው ሲያልቅ ማጥለል፣ ማጠብ፣ እንደገና መጠቀም። ልክ እንደ ሻይ ከረጢት በሉት።

እንከን አለው፤ ብረቱ ቀስ በቀስ ከፍሬው እየለቀቀ ይሄዳል። «ያልቃል» ያላችሁት ይህን ከሆነ ግማሽ ይቅርታ አድርጌላችኋለሁ።

ማረሚያ ካወጣችሁ ቆርጬ ክፍሌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

የኬሚስትሪ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን