ናሙናው ከተወሰደ በኋላ

ክቡር አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በቅርቡ ከጡቴ ላይ አንዲት እብጠት በቀላል ቀዶ ጥገና ወጣችልኝ። ማደንዘዣው ቦታው ላይ ብቻ ስለተወጋ ከሐኪሙ ጋር እያወራሁ አለቀ። ቁስሉም ቶሎ ጠገገ። የከበደኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው።

የወጣው ሥጋ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ) ባለው ብልቃጥ ተደርጎ ለእህቴ ተሰጣት፤ «ፓቶሎጂ ውሰዱት»፣ ማለትም ሥጋው ወደሚመረመርበት ላብራቶሪ፣ ተባልን። ታክሲ ውስጥ ብልቃጡን በነጠላዋ ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛው ነበር። ላብራቶሪው ተቀብሎን «ሲደርስ እንደውላለን» አለ። ይኸው እስካሁን እየጠበቅን ነው። ስልክ በጠራ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። እናቴማ እንቅልፍ የላትም።

ሥራው ጊዜ እንደሚፈልግ ይገባኛል። ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል፣ ሰም ውስጥ ይቀበራል፣ በስሱ ተቆርጦ ቀለም ይነከራል፤ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያወቅኩት ግን ራሴ ጠያይቄ ነው። በተለይ በወጣት ሴቶች ላይ አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር እንዳልሆነም መጀመሪያውኑ የነገረኝ የለም። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ጭንቀት በቀነሰችልን!

እባካችሁ የሕክምና ተቋማት፣ ናሙና ስትቀበሉ ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡን። ከዘገየም ደውላችሁ ንገሩን።

አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ