ስለ ማጠናከሪያ ትምህርት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ቢሮ የሚመጣ ወላጅ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፤ «ልጄን ማጠናከሪያ አስገቡልኝ»። ጭንቀታችሁ ይገባኛል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከተፈተኑት ልጆች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና እንኳ ቤተሰብ እንቅልፍ ያጣል። ቢሆንም ከመመዝገባችሁ በፊት አሠራሩን እወቁልኝ።

ማጠናከሪያ ማለት ክፍል ውስጥ የተማሩትን ከሰዓት በኋላ እንደገና መስማት አይደለም። አምና እንደዚያ አድርገን አይተነዋል። 40 ልጅ አንድ ክፍል አስገብተን ያንኑ ደገምንላቸው። የገባው ልጅ ሰለቸው። ያልገባውም እንዳልገባው ወደ ቤቱ ሄደ። ዘንድሮ አንድ መምህር ከ6 ልጅ በላይ አይዝም። መጀመሪያ የሚሠራውም ልጁ የት ላይ እንደቆመ መፈለግ ነው።

አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ 1/3 እና 1/4 ደምር ሲባል 2/7 ብሎ ጻፈ። ላዩን በላዩ፣ ታቹን በታቹ ደምሮ ማለት ነው። መምህሯ ኤክስ አላደረገችበትም። ከደብተር ወረቀት ቀድዳ 12 እኩል ቤት አሰመረችው። «ሲሶውን ቀባልኝ» አለችው፤ 4 ቤት ቀባ። «ሩቡንስ?» 3 ቤት ጨመረ። ቆጠራቸው፤ 7 ሆኑ። ወረቀቱን ትንሽ አየና «ቲቸር፣ 7/12 ነው!» አለ። ለካ የጎደለው የ3ኛ ክፍል ነገር ነው። ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ሳይገባው ነው ሁለት ዓመት ያለፈው። 50 ልጅ ባለበት ክፍል ይህን ማየት ለማንም መምህር ከባድ ነው።

ትምህርቱ ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከ9:50 እስከ 11:00 ሰዓት ነው። ሳይመሽ ቤታቸው እንዲገቡ ነው፤ ከአባይ ማዶ የሚመጡ ልጆች አሉንና። ምሳቸውን 6 ሰዓት የበሉ ልጆች ስለሆኑ መክሰስ ቋጥሩላቸው። ቆሎም ዳቦም ይበቃል። የራበው ልጅ ምንም አይገባውም።

አደራ የምላችሁ ነገር አለ። የቤት ሥራ እዚህ አይሠራም። ቤት አስጠኚ የቀጠራችሁም ብትሆኑ፣ አስጠኚው እስክሪብቶ ይዞ ለልጁ ሲጽፍለት ካያችሁ አስቁሙት። ደብተሩ በራይት ይሞላል፤ ልጁ ግን ፈተና ላይ ብቻውን ነው።

ሌላው፣ የራሱን ክፍል ተማሪ በክፍያ የሚያስጠና መምህር አይኖረንም። በቀን ማስተማር ያለበትን ለማታ እንዲያስቀር አልፈልግም። በዚህ ጉዳይ ቅሬታ ካላችሁ ቀጥታ እኔ ጋ ኑ።

ልጃችሁ በደንብ እየተከታተለ ከሆነ አታስመዝግቡት። ይጫወት፤ ከእናንተ ጋር ጣና ዳር ወጣ ይበል። ጎረቤት ስላስመዘገበ ብቻ የሚመጣ ልጅ የሚያስፈልገውን ልጅ ቦታ ይይዛል። ክፍተቱ ሲሞላም ልጁ ይወጣል፤ ዓመቱን ሙሉ መቆየት የለበትም።

ሁሉም ተመዝጋቢ መጀመሪያ አጭር የመለያ ፈተና ይወስዳል። ማርክ አይያዝበትም፤ ስለዚህ አታስጠኗቸው። ውጤቱን ልጁ ባለበት አብረን እናየዋለን። ከአባትና ከእናት አንዳችሁ እንድትገኙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር