አሳ ከመግዛትሽ በፊት ይሄን አንብቢው

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽልኝ የኔ ቆንጆ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሁለት አመት ሙሉ ጠፋሁብሽ፣ ምክንያት መደርደር አልፈልግም፣ ልደውል ስል አሁንማ በጣም ቆየሁ ምን ብዬ እጀምራለሁ እያልኩ ዛሬ ነገ ስል እዚህ ደረስኩ። ይቅር በይኝ። ትላንት መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ እህትሽን አገኘኋትና ደብረ ብርሃን እንደገባችሁ ነገረችኝ፣ ለሚጣ ልደት ደሞ 60 ሊትር አኳሪየም ገዝተሽላት አሳው ብቻ እንደቀረ። ይሄን ስሰማ ማደር አልቻልኩም፣ እኔ በዚሁ ነገር ልጄን አስለቅሼዋለሁ።

አምና ነው፣ ሻጩ ጎልድፊሽ የሚባለው አሳ ጠንካራ ነው ምንም አይሆንም ብሎኝ አራት ገዛሁ፣ ውሃውን ሞልተን በዛው ቀን ከተትናቸው። በሶስተኛው ቀን ውሃው ሩዝ የታጠበበት መሰለ፣ አሳዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ ልጄ ደሞ እርቧቸው ነው ብሎ ምግብ ይጨምርላቸዋል፣ ያ ምግብ ነው የባሰ የጨረሳቸው። በሳምንቱ አራቱም አለቁ፣ የመጨረሻዋን በሶፍት ጠቅልሎ ጽጌረዳው ስር ቀበራትና ማታ እራት አልበላም አለ።

የሆነው ምን መሰለሽ፣ ከአሳ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፣ እሱ ደሞ አሳው የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ያቃጥለዋል። በቆየ አኳሪየም ውሃውን በሚያጣራው ፊልተር ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፣ እሱም መርዝ ነው፣ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ደሞ እሱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፣ ይሄኛው ካልበዛ ችግር የለውም ውሃ ስትቀይሪ ይወጣል። አዲስ አኳሪየም ላይ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና አልተባዙም፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል፣ እናንተ ጋ ደሞ በብርዱ ምክንያት ከዛም ሊቆዩ ይችላሉ። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል እውነት ነው፣ ግን ቆሻሻው ብዙ ነው፣ ሲያድግ ደሞ ከ20 ሴንቲሜትር ያልፋል፣ ለ60 ሊትር አይሆንም።

ግዢ የምልሽ ዜብራ ዳኒዮ ነው፣ ስድስት። ሰማያዊና ብርማ መስመር ያላት፣ ብታድግ 5 ሴንቲሜትር የማትሞላ ትንሽዬ አሳ ናት፣ አገሯ ህንድና ባንግላዴሽ አካባቢ ያሉ ወንዞችና የሩዝ ማሳዎች ናቸው፣ እዛ ውሃው እንደ ወቅቱ ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም ስለኖረችበት 18 ዲግሪም ላይ ደህና ናት። ሁለት ሶስት ብቻ አትግዢ፣ በመንጋ የምትኖር ስለሆነች ሲያንሱ እርስ በርስ ይሳደዳሉ ይነካከሳሉ፣ ስድስት ሲሆኑ ግን ጠዋት መብራቱን ስታበሪ ተያይዘው ከጫፍ ጫፍ ሲበሩ ማየት ነው፣ እኔ ቡናዬን እዛው ፊታቸው ሆኗል የምጠጣው። ክዳን ግን ይኑረው፣ ይዘላሉ። ጋፒ የሚባለው አሳ ቆንጆ ነው ሚጣም እሱን ትፈልግ ይሆናል፣ ግን ሙቀት ይወዳል፣ የውሃ ማሞቂያ ሂተር ሳይኖርሽ ደብረ ብርሃን ላይ አትሞክሪው። ኒዮን ቴትራ የሚባለውም አሳ ቢያምርሽ ለአሁኑ ተይው፣ አዲስ ውሃ አይችልም።

የቧንቧ ውሃ ቀጥታ እንዳትጨምሪ፣ ክሎሪኑ አሳውንም ባክቴሪያውንም ይገላል፣ ክፍት ባልዲ ውስጥ አሳድሪው ወይ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ጨምሪበት። በሳምንት ሩቡን ብቻ ቀይሪ። ምግብ ደሞ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ቁንጥር፣ በቃ። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ስለሚቆም ምግብ አትስጫቸው፣ ከቆየ በኩባያ ውሃውን እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺው አየር ይገባዋል፣ እኔ ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ሙሉ እንደዛ አድርጌ አንድም አልሞተብኝም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ያን ሁሉ ሳምንት ሚጣ ባዶ ውሃ እያየች መጠበቅ የለባትም። የኔ ፊልተር አመት አልፎታል፣ ስፖንጁ ላይ ባክቴሪያው ሞልቶበታል፣ ግማሹን ቆርጬ ከራሱ ከአኳሪየሙ ውሃ ጋር በፌስታል ይዤልሽ እመጣለሁ፣ በጣም ነው የሚያፈጥነው። ቅዳሜ ጠዋት ከላምበረት መናኸሪያ እሳፈራለሁ፣ ስፖንጁ ሳይሞቅም ሳይደርቅም መድረስ ስላለበት መንገድ ላይ አልቆምም። አንቺ ውሃውን ሞልተሽ አሳድሪልኝ፣ ፊልተሩን አዘጋጂ፣ አሳ ግን እንዳትገዢ፣ ስደርስ አብረን ከሚጣ ጋ ሄደን እንመርጣለን።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያችው ጓደኛሽ